የፖስታ ጥበብ፣ ዚንና የወረቀት ስራ በጅማ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ወረቀት አጥፎ፣ ሰፍቶ፣ አባዝቶ በፖስታ መላክ የጀመረ የጅማ ሰው ቶሎ ቶሎ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ናቸው። ዕቃው ከጽህፈት መሳሪያ ሱቅ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤትና ከጓዳ የማይወጣ ነው።

የፖስታ ጥበብ ምንድነው? ዚንስ?

የፖስታ ጥበብ በፖስታ ቤት በኩል እንዲጓዝ ተብሎ የሚሰራ ትንሽ ስራ ነው። ካርዱ ብቻ ሳይሆን ፖስታው፣ ቴምብሩ፣ በመንገድ ላይ የሚያርፍበት ማህተምም የስራው አካል ነው። ኒውዮርክ ይኖር የነበረው ሰዓሊ ሬይ ጆንሰን ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሚያውቃቸው ሰዎች ወረቀት እየላከ፣ ጨምረውበት እንዲመልሱለት ወይም ለሌላ እንዲያሳልፉት እየጠየቀ ልማዱን አስፋፋው። ዳኛ የለም፣ ክፍያ የለም፣ የላኩት ስራ አይመለስም።

ዚን ደግሞ በራስ ወጪ፣ በጥቂት ቅጂ የሚወጣ ትንሽ መጽሔት ነው። ልማዱ የመጣው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የሳይንስ ልብ ወለድ ወዳጆች ያወጧቸው ከነበሩት መጽሔቶች ሲሆን፣ ፎቶ ኮፒ ሲስፋፋ በየአገሩ ተባዛ። የሰፈር ታሪክ፣ ግጥም፣ የአያት የቆጮ አሰራር፣ የቦዬ ረግረግ ወፎች ስዕል፣ ሁሉም ይሆናል።

ለመጀመር ምን ያስፈልጋል?

ባለ 80 ግራም (በካሬ ሜትር ማለት ነው) ኤ4 ወረቀት፣ ማስመሪያ (የብረት ቢሆን ይመረጣል)፣ ከተር፣ መቀስ፣ ጥቁር እስክሪብቶ፣ ላጲስ፣ መርፌና ክር። ከተር ስትጠቀሙ ከስር የእንጨት መክተፊያ ወይም ወፍራም ካርቶን አድርጉ፤ በመስታወትና በሴራሚክ ላይ ስለቱ ቶሎ ይደንዛል። በአንድ ኃይለኛ ጭረት ለመቁረጥ አትሞክሩ። ሶስት አራት ጊዜ በቀላሉ መሳብ ቀጥ ያለ ጠርዝ ይሰጣል፣ ጣትም ያተርፋል።

ቀለማቀለምና ውድ ወረቀት መጀመሪያ ላይ አይገዛም። ውድ ወረቀት ይዞ የተቀመጠ ሰው ላለማበላሸት ሲል ምንም ሳይሰራ ይከርማል።

ከአንድ ወረቀት ባለ 8 ገጽ ዚን እንዴት ይሰራል?

ኤ4ውን አግድም አስተኙት። በቁመቱ መሃል ለመሃል አንዴ እጠፉና ፍቱ። ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ አራት እኩል ዓምድ እንዲሆን አጥፋችሁ ፍቱ። 8 ሳጥን ይወጣል፤ እያንዳንዱ 74 በ105 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ቁጥሩን በእርሳስ እንዲህ ጻፉ። የታችኛው ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ 8፣ 1፣ 2፣ 3። የላይኛው ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ 7፣ 6፣ 5፣ 4፤ ነገር ግን የላይኛው ረድፍ ጽሁፍና ስዕል ሁሉ ተዘቅዝቆ ነው የሚሰራው። 1 ሽፋኑ፣ 8 የጀርባ ሽፋኑ ነው። ዘቅዝቆ መስራት ከከበዳችሁ መጀመሪያ የታችኛውን ረድፍ ጨርሱ፣ ከዚያ ወረቀቱን አዙራችሁ የላይኛውን ስሩ።

ቅዱ የሚገባው በመሃለኛው አግድም መስመር ላይ ነው፤ ያውም በሁለቱ መካከለኛ ዓምዶች ርዝመት ብቻ። ጫፍና ጫፍ ያሉት ዓምዶች አይነኩም። አሁን ወረቀቱን በአግድሙ መስመር ወደ ኋላ አጥፋችሁ ሁለቱን ጫፎች ወደ መሃል ግፉ፤ ቅዱ ተከፍቶ የመደመር ምልክት ይመስላል፤ ከዚያ በሽፋኑ ዙሪያ ጠቅልሉት።

የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ቅዱ እስከ ጫፍ ሲደርስ ነው፤ ወረቀቱ ለሁለት ይከፈላል። ሁለተኛው ጽሁፉ እስከ እጥፋቱ ሲጠጋ ነው፤ አጣጠፉ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ ቢዛባ ፊደል ወደ ጎረቤት ገጽ ይሻገራል። ከእያንዳንዱ እጥፋት 5፣ ከወረቀቱ ዳር ደግሞ 7 ሚሊ ሜትር ባዶ ተዉ። የፎቶ ኮፒ ማሽንም ዳር ዳሩን 4 እና 5 ሚሊ ሜትር ያህል አያትምም።

ከ8 ገጽ በላይ ሲሆን ገጾቹ እንዴት ይደረደራሉ?

ኤ4 ተጣጥፎ ኤ5 ሲሆን እያንዳንዱ ወረቀት 4 ገጽ ይሰጣል፤ ስለዚህ የገጹ ብዛት በ4 መካፈል አለበት። ለ16 ገጽ 4 ወረቀት ይበቃል። ጎን ለጎን የሚውሉት ሁለት ገጾች ድምራቸው ሁልጊዜ ከጠቅላላው በ1 ይበልጣል፣ ማለትም 17። የመጀመሪያው ወረቀት ፊቱ 16 እና 1፣ ጀርባው 2 እና 15፤ ሁለተኛው 14 እና 3፣ ጀርባው 4 እና 13፤ ሶስተኛው 12 እና 5፣ ጀርባው 6 እና 11፤ የመጨረሻው 10 እና 7፣ ጀርባው 8 እና 9።

ኮፒ ቤት ፊትና ጀርባ ሲያትሙላችሁ በአጭሩ ጎን እንዲገለበጥ ንገሯቸው። በረጅሙ ጎን ከተገለበጠ ጀርባው ተዘቅዝቆ ይወጣል። አንድ ሙሉ ናሙና ታትሞ፣ ታጥፎ፣ ገጹ ተገላብጦ ሳይታይ "50 ቅጂ" አትበሉ።

ኮምፒውተር ላይ የጻፍኩት አማርኛ ኮፒ ቤት ሲከፈት ለምን የማይነበብ ምልክት ይሆናል?

ጽሁፉ የተጻፈበት ፎንት እዚያ ማሽን ላይ ስለሌለ ነው። በተለይ በድሮው የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ፋይል ፎንቱ ከሌለበት ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደልና ምልክት ክምር ይሆናል። መፍትሄው በዩኒኮድ (የየቋንቋውን ፊደል ማሽኖች ሁሉ በአንድ ዓይነት በሚያነቡት ኮድ) መጻፍና ፋይሉን ወደ ፒዲኤፍ ቀይሮ መውሰድ ነው። የወርድ ፋይል ብቻ ይዞ መሄድ፣ ፎንቱ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ የገጹን አቀማመጥ ያፈርሳል።

የፊደል መጠንም ይታሰብበት። ከኤ4 ወደ ኤ5 ማሳነስ 71 በመቶ ነው፤ በ12 የተጻፈው ወደ 8.5 ይወርዳል። የእኛ ፊደል ልዩነቱ በትንሽ ቅጥያ ላይ ስለሆነ ይህ ያስቸግራል። የ"ቤ" ቀለበት በቶነር (በማሽኑ የቀለም ዱቄት) ሲደፈን "ቢ" ሆኖ ይነበባል፤ "ሴ" እና "ሲ"ም እንደዚያው። ለሚያንስ ገጽ ቢያንስ በ16 ጻፉ፤ 11 ያህል ይሆናል። ደማቁን የፊደል ዓይነት ለርዕስ ብቻ ተዉት።

በእጅ ለሚጻፍ ዋና ቅጂ ጥቁር ቀለም ነው የሚያዋጣው። እርሳስ ደብዝዞ ይወጣል፣ ሰማያዊ ቢክ አንዳንዴ ይወጣል አንዳንዴ አይወጣም። የተለጠፈ ቁራጭ ካለ የቁራጩ ጠርዝ እንደ ጥላ መስመር ይታያል፤ ጠርዙን በነጭ ማረሚያ ቀለም ሸፍኑት ወይም ኮፒው ትንሽ ቀለል እንዲል ጠይቁ።

አማርኛና አፋን ኦሮሞ በአንድ ዚን ማውጣት ይቻላል?

ጅማ ላይ እንዲያውም ይመከራል። ቁቤ ቃሉን ስለሚያረዝመው ያው ሀሳብ ከአማርኛው የሚበልጥ ቦታ ይይዛል። ግማሽ ለግማሽ ከማካፈል ይልቅ መጀመሪያ አፋን ኦሮሞውን አስቀምጡና በተረፈው ልክ አማርኛውን አሰናዱ። ሌላው መንገድ ሁለት ሽፋን መስራት ነው፤ ከአንዱ ጎን አማርኛ፣ ዚኑ ሲዘቀዘቅ ደግሞ ከሌላው ጎን አፋን ኦሮሞ ይጀምርና መሃል ላይ ይገናኛሉ።

ስቴፕለሬ መሃሉ ላይ አይደርስም። ምን ላድርግ?

ስቴፕለሩን ዘርጉት፣ የተከፈተውን ዚን ወፍራም ካርቶን ወይም አሮጌ የስፖንጅ ነጠላ ጫማ ላይ በጀርባው ገልብጣችሁ አስቀምጡና ሽቦውን ከላይ ምቱት። ቀስ ብላችሁ አንሱት፤ ከውስጥ ብቅ ያሉትን ሁለት እግሮች በማንኪያ እጀታ እጠፏቸው። ለኤ5 ሁለት ሽቦ ይበቃል፤ ከላይና ከታች 5 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው።

ስፌት ግን ያምራል፣ አይዝግም። ወረቀቶቹን ደርባችሁ በእጥፋቱ ላይ ሶስት ቀዳዳ በመርፌ ብሱ፤ አንዱ መሃል (105 ሚሊ ሜትር ላይ)፣ ሁለቱ ከጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ገብተው። ክሩ የጀርባው ርዝመት ሁለት ተኩል እጥፍ ይሁን፤ ለኤ5 ከ50 እስከ 55 ሴንቲ ሜትር። ከውስጥ በመሃለኛው ቀዳዳ ውጡ፣ በላይኛው ወደ ውስጥ ግቡ፣ መሃለኛውን ዘልላችሁ በታችኛው ውጡ፣ እንደገና በመሃለኛው ወደ ውስጥ ግቡ። ሁለቱ የክር ጫፎች በረጅሙ ክር ግራና ቀኝ እንዲውሉ አድርጋችሁ ቋጩ። በአንድ ወገን ከሆኑ ቋጠሮው ምንም አይዝም፣ ስፌቱ ይላላል። ክሩን ስትስቡ ወደ ጎን፣ በእጥፋቱ አቅጣጫ ሳቡ፤ ወደ ላይ ከሳባችሁ ወረቀቱ ይቀደዳል።

የእንሰት ቃጫ ካገኛችሁ ለሽፋን ስፌት ግሩም ነው። ሁለት ሶስት ጭረት በእርጥብ ጣት ግመዱ፣ በሰም አንዴ አሹት፣ ከዚያ በወፍራም መርፌ ስፉ። ቀዳዳው ለተራ ክር ከሚበሳው ሰፋ ይበል።

ሽፋኑ 160 ግራም ካርድ ከሆነ ሳታጥፉት በፊት ቀለሙ ባለቀ ቢክና በማስመሪያ አንዴ አስምሩበት። በወረቀቱ ጭረት (ክሮቹ በተኙበት አቅጣጫ) ተቃራኒ የሚታጠፍ ካርድ ሳይሰመር ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ የሌዘር ቶነር ካለበትማ እጥፋቱ ላይ ተላልጦ ነጭ መስመር ይቀራል። ስለዚህ በጀርባው ላይ ሙሉ ጥቁር ሽፋን አይመከርም።

ወረቀትን በቡና እንዴት ነው የሚያቀልሙት?

ግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ ላይ 4 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ቡና፣ ወይም የጀበናውን አተላ ከሆነ እጥፉን ጨምሩ። 10 ደቂቃ ይቆይ፣ በጨርቅ ይጠለል፣ በሰፊ ትሪ ላይ ይፍሰስ። ወረቀቱን አንድ በአንድ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ንከሩ፤ ጠቆር ያለ ከፈለጋችሁ ደርቆ እንደገና ይነከር። ውስጡ ረጅም ጊዜ መተው ቀለሙን ብዙም አይጨምርም፣ ወረቀቱን ግን ያልማል። ሁለት ጫፉን ይዛችሁ አውጡትና ላስቲክ ላይ አስተኙት። ገመድ ላይ ከሰቀላችሁት ቀለሙ ወደ ታች ወርዶ ጠርዙ ላይ ይጠቁራል (አንዳንዱ ይህንኑ ወድዶ ይሰቅለዋል)።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ኮፒ አድርጉ፣ በኋላ ንከሩ። የሌዘርና የፎቶ ኮፒ ቶነር በውሃ አይለቅም። በቡና ተነክሮ የተሸበሸበ ወረቀት ግን ማሽን ውስጥ ሲገባ ይቀረቀራል፣ የኮፒ ቤቱንም ሰውዬ ፊት ያስቋጥራል። በቀለም ፕሪንተር (ኢንክጄት) የታተመ አይነከርም፤ ጽሁፉ ይሟሟል።

ሲደርቅ ይጠቀለላል። በትኩስ ካውያ አትተኩሱት፤ ቶነር በሙቀት ስለሚለሰልስ ካውያው ላይ ይጣበቃል። በሁለት ንጹህ ወረቀት መሃል አድርጋችሁ ከከባድ መጽሐፍ ስር አንድ ሌሊት አሳድሩት። ስኳር ያለበት ቡና በጭራሽ አይሁን፤ ጉንዳን ይጠራል፣ ወረቀቱም እየተጣበቀ ያስቸግራል። ቡና አሲድ ስላለው ወረቀቱ ከዓመታት በኋላ ይሰባበራል፤ ማስቀመጥ የምትፈልጉትን ቅጂ ሳትነክሩ አስቀሩ።

ቡናውስ ለመጻፊያ ይሆናል?

ይሆናል። 250 ሚሊ ሊትር ወፍራም ቡና በለስላሳ እሳት 50 ሚሊ ሊትር እስኪቀር አትንኑት፣ በጨርቅ ጠልሉት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የግራር ሙጫ ዱቄት አሟሙበት። ሙጫው ከሌለ ቀለሙ በወረቀቱ ውስጥ ይሰራጫል። ጥቂት ጠብታ አረቄ ሻጋታን ያዘገያል። የፖስታው አድራሻ ግን በተራ ቢክ ይጻፍ። አንድ የዝናብ ጠብታ የቡና ጽሁፍ ይዞ ይሄዳል።

ቤት ውስጥ የሚሰራ ሙጫ?

2 የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በ3 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፤ እብጠት እንዳይኖረው። አንድ ብርጭቆ የፈላ ውሃ እያማሰላችሁ ጨምሩና በለስላሳ እሳት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ መልኩ ከነጭ ወደ ግራጫማ ብሩህ እስኪለወጥ አብስሉ። ቡላም ያው ስታርች ስለሆነ ይሰራል። ያለ ፍሪጅ ሁለት ቀን፣ በፍሪጅ አንድ ሳምንት ይቆያል፤ ከኮመጠጠ ወይም ውሃ ከለየ ይደፋ። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ሙጫ ሲበዛ ወረቀቱ ውሃውን ጠጥቶ ይለጠጥና ሲደርቅ ይኮራመታል። ኮላ ከሱቅ ብትገዙም ነገሩ ያው ነው።

የላጲስ ማህተም ስቀርጽ ፊደሉ ተገልብጦ ይታተማል። ለምን?

ማህተም እንደ መስታወት ስለሚገለብጥ ነው። ፊደላችን ላይ ደግሞ ጉዳቱ ድርብ ነው፦ ቀኝ እግሩ የረዘመውን "ባ" እንዳለ ብትቀርጹት የሚታተመው ግራ እግሩ የረዘመ "ቦ" ነው፤ "ሳ"ም "ሶ" ይሆናል። ጽሁፉን በለስላሳ እርሳስ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ገልብጣችሁ ላጲሱ ላይ በጥፍር እሹት። እርሳሱ ተገልብጦ ይቀራል፤ እሱን ተከትላችሁ ቅረጹ። ከተሩን ወደ ውጭ ዘንበል አድርጉ፣ የፊደሉ ስር ሰፋ እንዲል። ቀጥ ብሎ የተቀረጸ ቀጭን ቅጥያ ሲጫኑት ይበጠሳል።

ድንችም ይሰራል፤ ከተቆረጠ በኋላ ፊቱን በጨርቅ አድርቁት፣ አለዚያ ውሃው ቀለሙን ያቀጥነዋል። ለአንድ ቀን ስራ ነው።

ክረምት ላይ ወረቀቴ ሁሉ ይረጥባል።

የጅማ ዝናብ ረጅም ነውና ወረቀት እንደተከፈተ አይተው። የተጀመረውን ደስጣ በላስቲክ ከረጢት አፉን አስራችሁ፣ ከሲሚንቶ ወለልና ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። እርጥበት የጠጣ ወረቀት ኮፒ ማሽን ላይ ሁለት ሁለት ሆኖ ይሳባል፣ ቶነሩም በደንብ አይይዝም። ሙጫ ያለባቸው ፖስታዎች በራሳቸው ይጣበቃሉ፤ ክዳኑ ስር ቁራጭ ወረቀት አስገቡ። ቴምብሮችን ፊትና ጀርባ አድርጋችሁ አትደርቡ። ሲላክ ዚኑን መጀመሪያ በስስ ላስቲክ፣ ከዚያ በፖስታው ውስጥ ማድረግ በዚህ ወቅት ይከፍላል።

ፖስታውን ራሴ መስራት እችላለሁ?

አዎ፣ ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ የሚያምር ፖስታ ይወጣል። በኤ4 ልክ የተቆረጠ ወረቀት አቁሙ። ከግራም ከቀኝም 24 ሚሊ ሜትር ገብታችሁ ሁለት ቋሚ መስመር አስምሩ። ከላይ ጀምሮ 60 (ክዳን)፣ 114 (ፊት)፣ 100 (ጀርባ) ለኩ፤ የተረፈውን 23 ሚሊ ሜትር ቁረጡ። የጎን ክንፎቹን ከፊቱ አጠገብ ብቻ አስቀሩ፤ ከክዳኑና ከጀርባው አጠገብ ያሉትን ቆርጣችሁ አውጡ። ክንፎቹን ወደ ውስጥ እጠፉ፣ ሙጫ ቀቧቸው፣ ጀርባውን አንስታችሁ ለጥፉበት። 162 በ114 የሆነ ፖስታ ይወጣል፤ የኤ6 ካርድ (148 በ105) በልኩ ይገባል።

የቀን መቁጠሪያው ወረቀት አንጸባራቂ ከሆነ ቀለም አይጠጣም፤ ለአድራሻው ነጭ ወረቀት ለጥፉበት።

ፖስታ ቤት ሲሄዱ ምን መታወቅ አለበት?

ኢትዮጵያ የፖስታ አገልግሎት የጀመረችው በ1894 እ.ኤ.አ. ነው፣ በ1908 ደግሞ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። የህብረቱ ደንብ ወደ ውጭ ለሚልክ ሰው የሚጠቅመው በመጠን በኩል ነው፦ የአለም አቀፍ ደብዳቤ ዝቅተኛ መጠን 90 በ140 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ባለ 8 ገጿ ትንሽ ዚን ብቻዋን አትሄድም፣ ፖስታ ውስጥ ትግባ። የኤ6 ካርድ ግን ያልፋል።

ዋጋው በክብደት ነው። አንድ ባለ 80 ግራም ኤ4 ወደ 5 ግራም ይመዝናል። ባለ 16 ገጽ ዚን 20 ግራም፣ ባለ 160 ግራም ሽፋኑ 10፣ ከዚያ ፖስታው። ቤት ውስጥ ይህን ደምሩ፣ ከዚያ ፖስታ ቤት አንዱን ናሙና አስመዝናችሁ ዋጋውን ጠይቁ፤ 30 ዚን ከታተመ በኋላ በ2 ግራም ወደሚቀጥለው እርከን ማለፉን ማወቅ ያናድዳል።

አድራሻው ከታች በቀኝ፣ የላኪው ከላይ በግራ፣ ቴምብሩ ከላይ በቀኝ። ካርድ ከሆነ የጀርባው ቀኝ ግማሽ ለአድራሻ ይተው፤ ስዕል እዚያ አይግባ። ወደ ውጭ ሲሆን የአገሩ ስም በመጨረሻው መስመር በትልልቁ የላቲን ፊደል ይጻፍ። የራሳችሁን የፖስታ ሳጥን ቁጥር፣ "ጅማ" እና "ኢትዮጵያ" በላቲን ጭምር ጻፉ፤ መልሱ የሚመጣው በዚያ ነው። ሳጥን የሌለው ሰው ከባለሳጥን መስሪያ ቤት ወይም ዘመድ ጋር አስቀድሞ ይነጋገር። ቀን ስትጽፉ ሁለቱንም አቆጣጠር አስቀምጡ፤ በእኛ ብቻ ከተጻፈ የውጭው ሰው ደብዳቤው መንገድ ላይ ሰባት ስምንት ዓመት የቆየ ይመስለዋል።

እንዳይጠፋ የምትሰጉለት ነገር በአደራ (ተመዝግቦ) ይላክ። ካርድ ማንም የሚያነበው ነውና ስልክ ቁጥርና የቤት ጉዳይ አይጻፍበት።

የቡና ፍሬ ካርድ ላይ ለጥፎ መላክስ?

ተዉት። ፍሬው ፖስታውን ያብጣል፣ ማህተም ሲመታበት ወረቀቱን ይቀዳል፣ ጥሬ ከሆነ ደግሞ የሌላ አገር የዕጽዋት ቁጥጥር ሊያስቀረው ይችላል። የተቆላው ቅባቱ ወረቀት ያበላሻል። ፍሬውን በጠፍጣፋ ጎኑ ቀለም አስነክታችሁ አትሙበት፤ መሃሉ ላይ ያለው ስንጥቅ ጥርት ብሎ ይወጣል።

በቡድን መለዋወጥ እንዴት ይደራጃል?

እንደ ዕቁብ ነው፤ ሰብሳቢ፣ ቀን፣ እኩል መዋጮ። 10 ሰው ከሆናችሁ እያንዳንዱ የራሱን አንድ ገጽ በ10 ቅጂ ያስረክባል፤ ሰብሳቢው ደርድሮ 10 ጥራዝ ይሰፋል፣ ለእያንዳንዱ 10 የተለያየ ገጽ ያለበት አንድ ጥራዝ ይደርሰዋል። ጥሪው ላይ አምስት ነገር ብቻ ይጻፍ፦ ርዕስ፣ የወረቀቱ መጠን፣ የቅጂው ብዛት፣ የመጨረሻ ቀን፣ አድራሻ። በስፌቱ ጎን 15 ሚሊ ሜትር ባዶ እንዲተው አስጠንቅቁ፤ ሰው ሁሉ ይህን ይረሳዋል። የአባ ጅፋር ቤተ መንግስት በረንዳ፣ የጅማ በርጩማ፣ የሂርማታ ገበያ ለመጀመሪያ ዙር ቀላል ርዕሶች ናቸው።

አንድ ሰው ቢዘገይ ጥራዙ አይጠብቀው። ባዶ ገጽ ላይ ስሙን ጽፋችሁ ስፉት፤ በሚቀጥለው ዙር ቀድሞ ይመጣል።

ላክሁ፣ መልስ አልመጣም።

የተለመደ ነው። ወደ ውጭ የሄደ ደብዳቤ ወራት ሊወስድ ይችላል። በአንድ ጊዜ ለ5 ሰው ላኩ፤ የላካችሁትን ሁሉ ፎቶ አንሱና ቀኑን መዝግቡ።

ከመጽሔት ወይም ከኢንተርኔት ስዕል ወስጄ ብጠቀምስ?

የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሌላውን ስራ ይጠብቃል። ቆራርጦ አዲስ ነገር መስራት የዚህ ጥበብ አሮጌ ልማድ ቢሆንም፣ የሌላ ሰዓሊን ስዕል እንዳለ አባዝቶ መሸጥ ሌላ ጉዳይ ነው። ራሳችሁ ሳሉት፣ ወይም አስፈቅዱ። የጎረቤትን ፎቶ ከማተም በፊትም ጎረቤቱን ጠይቁ።

ዚኑን ጅማ ውስጥ የት ላስቀምጥ? ዋጋውስ?

ሰው ተቀምጦ የሚጠብቅበት ቦታ ሁሉ ይሆናል፦ ቡና ቤት፣ ጸጉር ቤት፣ መጽሐፍ መሸጫ፣ በዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ያሉ ኮፒ ቤቶች። ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ አታስቀምጡ። በአንድ ቦታ 5 ቅጂ ይበቃል። 30 ከተከመረ ማስታወቂያ መስሎ ሰው አያነሳውም።

ለዋጋው የኮፒውን፣ የሽፋኑንና የክሩን ወጪ ደምሩ፣ ከ20 ቅጂ አንድ ሁለት እንደሚበላሽ አስቡና በተረፈው ብዛት አካፍሉ። ሽፋኑ ላይ ዋጋ አታሳትሙ፤ የኮፒ ዋጋ ስለሚለዋወጥ በጀርባው ጥግ በእርሳስ ጻፉት።